ወንበሩን ትቶ መሄድ፦ ሳባቲካልን እንተዋወቀው

ሳባቲካል ሥራን ሳይለቁ፣ ከነደመወዝ ወይም በከፊል ደመወዝ፣ ለጥቂት ወራት ወይም ለአንድ ዓመት ከሥራ ርቆ መቆየት ነው። ሥሩ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ላይ ነው፤ ስድስት ዓመት የታረሰ መሬት በሰባተኛው ጦሙን እንዲያድር የታዘዘበት። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1880 ለመምህራኑ በየሰባት ዓመቱ በግማሽ ደመወዝ መፍቀድ ጀመረ። የእኛም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በየደንባቸው ያውቁታል። ታሪኩ ይህን ያህል ይበቃዋል፤ እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው።

ብዙ ሰው ሳባቲካልን ለሚሄደው ሰው የሚሰጥ ሽልማት አድርጎ ያየዋል። የሚሄደውን «ታድለህ!» እንለዋለን፤ ዞር ሲል ደግሞ «እሱ ሲያርፍ ሸክሙ ለእኛ» እንላለን። ኃላፊውም ይህን ስለሚያውቅ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ቦርዱም ወጪውን ብቻ ያሰላል። ከሳባቲካል ጥቅም ትልቁ ድርሻ ግን የሚገኘው ቢሮ በቀሩት ሰዎች ዘንድ ነው።

ኃላፊ በሌለበት የሚሆነውን ጉዳይ ይዞ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። «ስብሰባ ናቸው»፣ «መስክ ወጥተዋል፣ ሰኞ ይመለሱ»። መዝገቡ አለ፣ ባለሙያው አለ፣ ማኅተሙም መሳቢያ ውስጥ አለ፤ የጠፋው አንድ ፊርማ ነው። ኃላፊው ሁለት ቀን ቢጠፋ የተከማቸውን አምሽቶ ይፈርመዋል፣ ችግሩም ተሸፍኖ ይቀራል። የሦስት ወር መቅረት ግን በማምሸት አይሸፈንም።

አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለዚህ ሲዘጋጅ በቅርብ አይቻለሁ። ሥራ አስኪያጇ ለሦስት ወር ሊሄዱ ነው፤ ምክትላቸው ይወከላል። የውክልና ደብዳቤው ረቂቅ «የዕለት ተዕለት ሥራዎችን እንዲያከናውን» የምትል አጭር ደብዳቤ ነበረች። የፋይናንስ ኃላፊዋ አንብባ መለሰችው። «ቼክ ላይ ማን ይፈርማል? እስከ ስንት ብር? ሰው መቅጠር ይችላል? ከለጋሽ ጋር ውል ይዋዋላል?» መልሱን ለማግኘት ሳምንታት ፈጀ። የትኛው ለጋሽ በየትኛው ወር ሪፖርት እንደሚጠብቅ፣ የቢሮው ኪራይ ውል መቼ እንደሚያልቅ፣ መኪናው ሲበላሽ የሚጠራው መካኒክ ማን እንደሆነ፣ በአንዲት ሴት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የኖረ ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ ወረደ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሴትዮዋ ገና ከወንበራቸው አልተነሡም ነበር።

ከሄዱ በኋላ ምክትሉ መጀመሪያ ላይ ከበድ ያለውን ሁሉ «እሳቸው ሲመለሱ» እያለ ወደ ጎን ያስቀምጥ ነበር። አንድ የግዢ ጉዳይ ግን መጠበቅ አልቻለም፤ ባልደረቦቹን ሰብስቦ ወሰነ። ሌላው ቀለለው። ሴትዮዋ ሲመለሱ ቀድሞ ይፈርሙባቸው ከነበሩት ጉዳዮች ብዙዎቹ እዚያው እርሱ ዘንድ እንዲቀሩ አደረጉ፤ እሳቸውም በዓመታት ውስጥ ጊዜ ያላገኙለትን የመስክ ጉብኝት ጀመሩ።

ይህ የአንድ ቤት ገጠመኝ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሳባቲካል ወስደው የተመለሱ 61 የበጎ አድራጎት ድርጅት መሪዎች ተጠይቀው ነበር። አብዛኞቹ በዕረፍቱ አዲስ ሐሳብ እንዳፈለቁና በራስ መተማመናቸው እንደጨመረ ተናገሩ፤ ወክለዋቸው የነበሩትም ኃላፊነት መሸከም ችለው ተገኙ። እዚያው አሜሪካ ሊሊ ኢንዶውመንት የተባለው ፋውንዴሽን ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ዕረፍት ለዓመታት እስከ 50 ሺህ ዶላር ሲሰጥ፣ ከዚያ እስከ 15 ሺህ የሚሆነው ለምእመናኑ ወጪ እንዲውል ፈቅዷል፤ አገልጋዩ በሌለበት የሚተካውን ሰው ጭምር ማለት ነው። ገንዘቡን የመደቡት ሰዎች የቀሩትን አልረሷቸውም።

ለሚሄደው ሰው ደግሞ አንድ ነገር አለኝ፤ ስልኩን ይዝጋ። ሁለት ወር ሙሉ ከቴሌግራም ግሩፕ ሳይወጣ «እስቲ ላኩልኝ ልየው» የሚል ኃላፊ ራሱም አላረፈ፣ ተወካዩንም አላሠራ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ሳባቲካል የወሰዱ 129 የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ካልወሰዱ 129 አቻዎቻቸው ጋር አስተያይቷል፤ መምህራኑ ከእስራኤል፣ ከአሜሪካና ከኒውዚላንድ ነበሩ። የወሰዱት ጭንቀታቸው ቀንሶ ደኅንነታቸው ተሻሽሏል፤ ይበልጥ የተጠቀሙት ግን ሐሳባቸውን ከሥራው በእርግጥ ያላቀቁትና ከአገራቸው ወጣ ብለው የቆዩት ናቸው። የሳባቲካል ዓመታቸውን ከአንዱ የማማከር ሥራ ወደ ሌላው ሲሮጡ የሚጨርሱትን እዚህ ላይ ልወቅሳቸው እወዳለሁ። የኑሮ ውድነቱ እንደሚገፋቸው አውቃለሁ፤ ቢሆንም በደከመ ጉልበት ላይ ሌላ ድካም ጨምረው ነው የሚመለሱት።

ሳባቲካል ለማይፈቀድለትስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃዱን ከሁለት ዓመት በላይ ማስተላለፍ አይቻልም። በየቢሮው የማየው ግን ለቅሶና ሠርግ በመጣ ቁጥር አንድ ሁለት ቀን እየተቆረሰ ማለቁን ነው። ኃላፊ የሆነ ሰው ቢያንስ ሁለት ሳምንቱን በአንድ ላይ ይውሰድ፤ ከዚያ በፊት የሚጽፈው የውክልና ደብዳቤ የብር ጣሪያውን፣ የቅጥሩንና የውሉን ሥልጣን በግልጽ ያስፍር፤ ግልባጩም ለባንኩ ይድረስ። ሲመለስም በመጀመሪያው ሳምንት የተወካዩን ውሳኔ አይሻር፤ አንዱን እንኳ ከሻረ በሚቀጥለው ዓመት ደፍሮ የሚወስን ተወካይ አያገኝም።