የማዳሜ ልጅ ሥራ፦ "መንዱቤ" ማን ናት?

ቤሩት የምሠራበት ቤት የማዳም ልጅ ሥራዋ "መንዱቤ ኢጅቲማዒዬ" ይባላል። መጀመሪያ የቢሮ ጸሐፊ መስላኝ ነበር። በኋላ ግን ሌሊት ስልክ ይደወላል፣ ጃኬቷን ደርባ ትወጣለች፣ እኔ ጠዋት ቡና ሳፈላ ትመለሳለች። አንድ ቀን ጠየቅኳትና አስረዳችኝ። እዚህ ልጅ የወለዳችሁ፣ ወይም ዕድሜያችሁ ሳይደርስ የመጣችሁ፣ ይሄን ሥራ ማወቅ አለባችሁ።

እኛ አገር "አመክሮ" ሲባል የምናውቀው እስረኛ የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ ጨርሶ በጥሩ ጠባይ ሲፈታ ነው። ይሄኛው ይለያል። ዳኛው ልጁን እስር ቤት ሳያስገባ "ውጭ ሁን፣ ግን የሚከታተልህ ሰው ይኑር" ሲል ነው። ሥራው ሲጀመር ደመወዝም አልነበረውም። በ1841 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቦስተን ውስጥ ጆን ኦገስተስ የሚባል ጫማ ሠሪ አንድ ሰካራም በዋስ አወጣ። ሰውዬው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጠጡን ትቶ ሲቀርብ ዳኛው አንድ ሳንቲምና የፍርድ ቤት ወጪ ብቻ ቀጣው። ጫማ ሠሪው እስኪሞት ድረስ ወደ ሁለት ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች እንዲህ አደረገ።

ሊባኖስ ውስጥ ይሄ በ2002 በወጣው ሕግ ቁጥር 422 አለ፣ ግን ዕድሜው 18 ላልሞላው ልጅ ነው። ፖሊስ እንዲህ ያለ ልጅ ከያዘ መንዱቤ መጥራት ግዴታው ነው። እሷም በ6 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለባት፤ ሳትገኝ ምርመራ መጀመር አይቻልም። ከዚያ ቤተሰቡን ታያለች፣ ስለ ትምህርቱና ኑሮው ትጠይቃለች፣ ለዳኛው ሪፖርት ትጽፋለች። ዳኛው በሙከራ ወይም በክትትል ይውጣ ካለ የምትከታተለው እሷ ናት። ሕጉ ያላጠፋ ልጅንም ያያል። የሚደበደብ፣ የሚበደል፣ መንገድ ላይ የሚለምን ልጅ ካለ ራሱም፣ ወላጁም፣ መንዱቤዋም ለዳኛ ማመልከት ይችላሉ።

ከሌሊቱ ይልቅ የሚከብዳት መሃል መቆሟ ነው። ልጁ ፖሊስ ናት ብሎ ይፈራታል፣ እናትየው ጠበቃ ናት ብላ ተስፋ ትጥልባታለች፣ እሷ ግን ሁለቱንም አይደለችም። የነገሯትን ሁሉ ደብቃ መያዝ አትችልም። አንድ የምትወደው ልጅ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ቀረባት፣ ዋሻት፣ እሷም እንደሆነው ጻፈች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ክፍያውንማ ተዉት። ከ2019 በኋላ ሊራው ሲወድቅ ደመወዟ የመኪናዋን ቤንዚን አይሸፍንም ነበር። ማዳም "ተዪው" ትላታለች፣ እሷ አትተውም። አንዴ ዳቦ ልንገዛ ስንገባ ምድጃው ጋ የቆመ ልጅ አይቷት ሳቀና በነጻ መናኢሽ ሰጠን። መኪና ውስጥ "ይሄ የእኔ ፋይል ነበር" አለችኝ። ለሁለት ቀን ደስ ብሏት ነበር።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። አንድ ሌሊት እኔ ጋ ደወለች። ለሌላ ልጅ ጣቢያ ሄዳ አንዲት ሐበሻ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ወርቅ ሰረቀች ተብላ ነው። ፓስፖርቷ 23 ይላል፣ ስለዚህ ማንም መንዱቤ አልጠራላትም። ስልኩን ሰጠቻት። ዕድሜሽ ስንት ነው ስላት "ሃያ ሦስት" አለች፣ ደላላው እንዳስጠናት። እኔም እንደዛው ተብዬ ስለመጣሁ ገባኝ። "ስንተኛ ክፍል ነበርሽ?" አልኳት። "ስምንተኛ። አምና።" ዝም አልኩ። "እኔ እህትሽ ነኝ፣ እውነቱን ንገሪያት" ስላት "አሥራ ስድስት" አለች።

ጣቢያው ወዲያው አላመነም። የማዳሜ ልጅ ለዐቃቤ ሕጉ አሳወቀች፣ እናቷ የክርስትና ወረቀቷንና የስምንተኛ ክፍል ካርዷን ፎቶ አንስታ በዋትስአፕ ላከች፣ ሐኪምም አያት። ሳምንታት ፈጀ። በመጨረሻ ፋይሏ ወደ ታዳጊዎች ዳኛ ዞረ። ጉዳዩ ገና አላለቀም፣ እሷ ግን አሁን መጠለያ ናት፣ ከትልልቆቹ ጋር አልታሰረችም።

ስለዚህ እህቴ፣ 18 ካልሞላሽ ፓስፖርቱ ያለውን አትድገሚ። የትምህርት ካርድሽ ወይም የክርስትና ወረቀትሽ ፎቶ አገር ቤት የምታምኚው ሰው ጋ ይቀመጥ፣ ስልክ ሊወሰድብሽ ይችላልና። ቁጥሩን በቃልሽ ያዢ። ስትያዢ "ዑምሬ ታሕት ትመንታዕሽ" በይ፣ ዕድሜዬ ከ18 በታች ነው ማለት ነው። ቀጥለሽ "በዴ መንዱቤ ኢጅቲማዒዬ" በይ። ከመጣች ደግሞ አትዋሺያት፤ የምትጽፈው የሰማችውን ነው። ዐረብኛው ካቃተሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ያልገባሽ ወረቀት ላይም አትፈርሚ።