የመክፈያ ቀንና የቼክ አደራ

ኩባንያ ገንዘብን በማግኘት ብቻ ሳይሆን አወጣጡንም በማወቅ ይጸናል። ዕዳውን ከውሉ ቀን አስቀድሞ የሚከፍል ነጋዴ ገንዘቡን ያለ ወለድ እንዳበደረ ይቈጠራል፤ ቀኑን አሳልፎ የሚከፍልም ታማኝነቱን ያጐድላል። ስለዚህ በቀኑ መክፈል የገንዘብ ያዥ ዋና ጥበብ ነው።

ክፍያው በቼክ ሲሆን ግን ፈተና አለበት። ቼኩ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ ገንዘቡ ከባንክ እስኪወጣ ድረስ ጥቂት ቀናት ያልፋሉ። ኢ. ኤፍ. ኸተን የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ደላላ ኩባንያ ይህን ክፍተት የትርፍ ምንጭ አደረገው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1980 እስከ 1982 ዓ.ም. በባንክ ካለው በላይ ቼክ እየጻፈ፣ የአንዱን ባንክ ጉድለት በሌላው ባንክ ቼክ እየሸፈነ፣ በባንኮች ገንዘብ ያለ ወለድ ሲሠራ ቈየ። በ1985 ዓ.ም. ግን በ2,000 የማጭበርበር ክሶች ጥፋቱን አምኖ 2 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ከፈለ። በ1987 ዓ.ም. መጨረሻም ራሱን ለሌላ ኩባንያ ለመሸጥ ተስማማ።

እንግዲህ የራስን ገንዘብ እስከ ውሉ ቀን ማቈየት ጥንቃቄ ነው፤ የሌለውን ገንዘብ በቼክ ማውጣት ግን በሰው ገንዘብ ማዘዝ ነው። ፈራሚው ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ቀሪ ሒሳቡን ይመልከት።