የሠርጉ ዲቪዲ ሳይደበዝዝ

ሠርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል፣ ክርስትና። በብዙ ቤት የእነዚህ ቀናት ትዝታ ያለው ቴሌቪዥኑ ሥር በተደረደሩ ዲቪዲዎች ውስጥ ነው። ዲስኩ አለ፤ ማጫወቻው ግን ከተበላሸ ቆይቷል፣ አዲሱ ላፕቶፕም ዲስክ መክተቻ የለውም። ከ20 እስከ 30 ዶላር በሚሸጥ የዩኤስቢ ማንበቢያ ችግሩ ይፈታል። የሚያጣድፈው ሌላ ነገር ነው።

ከሱቅ የተገዛ ፊልምና ቪዲዮ አንሺው ራይት አድርጎ ያስረከበው ዲስክ ላይ ላዩን ቢመሳሰሉም ውስጣቸው ለየቅል ነው። የፋብሪካው ዲስክ መረጃውን የያዘው ፕላስቲኩ ላይ በታተሙ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነው። ራይት በተደረገው ውስጥ ግን ስስ የቀለም ንጣፍ አለ፤ ሌዘሩ ቀለሙን እዚህም እዚያም እየለወጠ ይጽፍበታል። ያ ቀለም የሚለወጠው በሌዘር ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ፀሐይ፣ ሙቀትና እርጥበትም ቀስ በቀስ ያደበዝዙታል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዲስኩ ጠርዝ ነው። ቀረጻው ደግሞ ከመሃል ወደ ጠርዝ ስለሚጻፍ፣ ሞልቶ በተጻፈ ዲስክ ላይ ቀድሞ የሚደናቀፈው የዝግጅቱ መጨረሻ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ መገልበጥ ይገባል። ዲስኩ ሲከፈት ቪዲዮው እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ፋይሎች ተቆራርጦ ይገኛል። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ከመልቀም ይልቅ አይኤስኦ የሚባለውን የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ማውጣት ይሻላል። አንድ ሽፋን ያለው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ በመነሻው ፍጥነት ለማንበብ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ የዛሬ ማንበቢያዎች ግን ከዚያ በብዙ ይፈጥናሉ።

ዲስኩ የቆሸሸ ከሆነ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ መጥረግ እንጂ እያዞሩ ማሸት አይገባም። መረጃው የተጻፈበትን መስመር አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ጥቂት መረጃ ብቻ ስለሚነካ የዲቪዲው የስህተት ማረሚያ ይጠግነዋል፤ መስመሩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ግን ተከታታይ መረጃ ያጠፋል። ከባድ ጉዳት ላለበት ዲስክ ዲዲሬስኪው የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ። ጤነኛውን ክፍል ቀድሞ ይሰበስባል፣ ወደ ተጎዳው ቦታ ደጋግሞ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ቅጂው ከተያዘ በኋላ መቀየሩ ይከተላል። ዲቪዲ ምስሉን የሚያምቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወጣው ኤምፔግ-2 ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264 ተመሳሳይ ጥራትን በብዙ ባነሰ ቦታ ያስቀምጣል። ሃንድብሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል፤ በቁልፍ የተዘጉ የንግድ ፊልሞችን ግን አይከፍትም። በማመቅ የጠፋ ዝርዝር ተመልሶ አይገኝምና አይኤስኦው መሰረዝ የለበትም።

ብዙዎችን የሚያስደነግጠው እስክስታው ላይ የሚታየው ነው። ትከሻ ሲንቀጠቀጥ የምስሉ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ይህ የዲስኩ ብልሽት አይደለም። ኢትዮጵያ በምትጠቀምበት የፓል ሥርዓት በሴኮንድ 25 ምስል ይታያል፤ በአሮጌ ካሜራ ሲቀረጽ እያንዳንዱ ምስል በአንድ ሃምሳኛ ሴኮንድ ልዩነት ከተነሡ ሁለት ግማሾች ይሠራል፣ አንዱ ጎዶሎ ሌላው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች ይዞ። የድሮው ቴሌቪዥን በየተራ ያሳያቸው ነበር፤ ኮምፒውተር አንድ ላይ ሲያሳያቸው ትከሻው ሁለት ቦታ ይገኛል። ሃንድብሬክ ውስጥ ዲኢንተርሌስ የሚለው ማጣሪያ ያስተካክለዋል። ቦብ የሚባለው ምርጫ ደግሞ ግማሾቹን ወደ 50 ሙሉ ምስሎች ስለሚለውጥ የእስክስታው ፍጥነት ሳይቆራረጥ ይቀራል። ለጭፈራ ጥሩ ምርጫ ነው።

ይኸው ፓል አሜሪካ ያሉ ዘመዶችን ሲያስቸግር ኖሯል። የዚያ አገር ማጫወቻዎች የተሠሩት ኤንቲኤስሲ ለተባለው ሌላ ሥርዓት ስለነበር ከአዲስ አበባ የተላከ ዲስክ ብዙ ጊዜ አይነበብላቸውም ነበር። ኮምፒውተርና ስልክ ግን ለሁለቱም ግድ የላቸውም። ፋይሉ ተጠናቆ ወደ ዘመድ ከመላኩ በፊት መፈተሽ ያለበት መጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ነው፤ ከዲስኩ ጠርዝ የተነበበው እሱ ነውና።