ቀበሌኛ የምትማረው የሌሊት ወፍ

ወረታ የተወለደ ሕፃን አዲስ አበባ ቢያድግ አነጋገሩ የአዲስ አበባ ልጅ ይሆናል። ይህን የሚወስነው ደም ሳይሆን ጆሮ ነው። የፎገራ ጥጃ ግን የትም ይደግ የት እንደ ከብት መጮኹ አይቀርም፤ አስተማሪ አያስፈልገውም። ታዲያ ሰምቶ ድምፁን የሚያስተካክል አንጎል እንዴት ያለ ነው?

ሳይንቲስቶች ለብዙ ዓመታት ዘማሪ ወፎችን ሲያጠኑ ቆይተዋል። ችግሩ የወፍ አንጎል አሠራር ከእኛ መራቁ ነው። አይጥ አጥቢ ብትሆንም ድምፅ በመማር ረገድ ደካማ ናት። የሌሊት ወፍ ግን በተረታችን ግብር ስትጠየቅ አንዴ ወፍ አንዴ አይጥ እንደምትሆነው ሁሉ፣ እዚህም ሁለቱን አጣምራ ይዛለች፦ እንደ እኛ ታጠባለች፣ እንደ ወፍ ድምፅ ትማራለች።

ማስረጃው ወዲህ ነው። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ዮሲ ዮቬልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ግልገሎችን በሦስት ቡድን ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን የተለያየ የመንጋ ድምፅ በማጉያ አሰሟቸው። ግልገሎቹ ሲያድጉ ድምፃቸው የእናታቸውን ሳይሆን የሰሙትን መንጋ መሰለ። ቀበሌኛ ማለት ይኸው አይደል?

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ2001 በአንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ ውስጥ ግማሽ ያህሉን አባላት አጥርቶ ከመናገር ያገደው ፎክስፒ2 የተባለው ጂን መበላሸቱ መሆኑ ታወቀ። እንደ ሶንያ ቨርንስ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ጂን በሌሊት ወፍ አንጎል ውስጥ ተከታትለውታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ማንቁርትን ከሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ጋር በቀጥታ እንደሚገናኝ በሌሊት ወፍ ላይ አሳየ። አንደበቱ ተይዞ የሚያድግ ሕፃን በየመንደራችን አለ። በእርግማን ነው ብለን ከማሳበባችን በፊት ጂንና ነርቭ የሚባል ነገር መኖሩን ብናውቅ መልካም ነው።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ያው ጥናት የተደረገበት ዝርያ በአገራችንም አለ፤ የማርበርግ ቫይረስ ተሸካሚም ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በሽታው ጂንካ ላይ መከሰቱ ሲረጋገጥ ፍርሃቱን ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ በእጅ አንንካቸው፣ ያሉበት ዋሻም አንግባ። መጨፍጨፉም ቢሆን መፍትሔ አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ የሰው ልጅ እንዴት አፉን እንደፈታ የሚነግረንን ፍጡር ከርቀት ማክበሩ ይበቃል።