የጎረቤት ውሻና የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት

በጅግጅጋም ሆነ በቀብሪበያህና በቶጎ ውጫሌ ባለቤቱ ሳይመግበውና ሳያስከትበው የተወው ውሻ ምግብ ፍለጋ ወደ ቆሻሻ መጣያና ወደ ቄራ አካባቢ መውጣቱ አይቀርም፤ በዚያም ባለቤት ከሌላቸው ውሾች ጋር ይቀላቀላል። በመሆኑም የጎረቤት ሥጋት የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰብ ጤና ጉዳይም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በሰው ላይ ከሚከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ለሞት ይዳርጋል።

የጤና ባለሙያ በተለይ ሊጠነቀቅለት የሚገባው «የምናውቀው ውሻ ነው» ብሎ ንክሻውን የሚያቃልለውን ተነካሽ ነው፤ የውሻው መታወቅ መከተቡን አያረጋግጥምና። ቁስሉ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል መታጠብ፣ ክትባቱም ሳይዘገይ መጀመር ይኖርበታል፤ ንክሻው ቆዳን የበሳ ከሆነ ኢሚውኖግሎቡሊን ይታከላል። የበሽታ ምልክት ያላሳየን ውሻ መግደል ግን መረጃውን አብሮ ማጥፋት ነው፤ ታስሮ ክትትል ሲደረግለት ለ10 ቀናት ጤናማ ሆኖ ከቆየ የተነካሹ ክትባት ሊቋረጥ ይችላል።

ባለቤቱንም ከመውቀስ ይልቅ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ማገናኘት ይበጃል፤ ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶ ያህሉ በየጊዜው ሲከተቡ የበሽታው ሥርጭት ይገታልና።