ግቢውን ስንለቅ ጽጌረዳውን አንተወውም

ብዙዎቻችን ግቢ ካለው ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ስንዛወር አልጋና ቁም ሳጥኑን እንጭናለን። እናታችን ለዓመታት ስታጠጣው የኖረችውን ጽጌረዳ ግን በሩ አጠገብ ትተነው እንሄዳለን። ያረጀ ተክል ነቅሎ ማዛወር ከባድ ነው፤ ሥሩ ሲበጣጠስ ሊደርቅ ይችላል። ነገር ግን አንድ ስንዝር የምታህል ቅርንጫፍ ቆርጠን ብንተክል፣ ያንኑ አበባ በዚያው ቀለምና በዚያው ሽታ በረንዳችን ላይ ማሳደግ እንችላለን። ከዘር የሚበቅል ጽጌረዳ እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ከቁራጭ የሚበቅለው ግን ያው ራሱ ነው። ከመዛወራችን ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብለን ብንጀምር፣ አንዱ ሙከራ ባይሳካ ሌላ ለመቁረጥ ጊዜ ይኖረናል።

የቱን እንቁረጥ?

በቅርቡ አበባው የረገፈ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ጤነኛ ቅርንጫፍ እንምረጥ። በጣም ለስላሳው ጫፍ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ያረጀው እንጨት ደግሞ ሥር ለማውጣት ይዘገያል። ከመሬት አካባቢ የሚወጣውን ቡቃያ አንውሰድ። ተገዝቶ የተተከለ ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ በሌላ ዓይነት ጽጌረዳ ሥር ላይ ተጣብቆ ያደገ ስለሆነ፣ የታችኛው ቡቃያ የምንፈልገውን አበባ ላይሰጠን ይችላል።

ቁራጩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 3 ወይም 4 አንጓ ይኑረው። በፈላ ውሃ በታጠበ ምላጭ ከታችኛው አንጓ ትንሽ ዝቅ ብለን እንቁረጥ። እምቡጥ ካለው እናንሳለት፤ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ትተን ሌላውን እንቀንጥስ። ቅጠል ውሃ ያተናል፣ ሥር የሌለው ቁራጭ ደግሞ የተነነውን መተካት አይችልም።

አተካከሉ

ታቹ በተበሳ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አሸዋና የበሰለ ብስባሽ እኩል ቀላቅለን እናርጥብ። በእንጨት ቀዳዳ አበጅተን፣ ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቁራጩን እንትከል። ከዚያም ታቹ የተቆረጠ ባዶ ሃይላንድ እንድፋበትና፣ ብርሃን ባለበት ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ በማታገኘው ቦታ እናስቀምጠው። አየር እንዲገባ ክዳኑን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ እንክፈት።

አብዛኛው ቁራጭ የሚሞትብን በውሃ ጥም ሳይሆን በውሃ ብዛትና በችኮላ ነው። አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠል ቢያወጣም ሥር አውጥቷል ማለት አይደለም፤ በግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ለማየት ብለን ብንነቅለው ጀማሪው ሥር ይበጠሳል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት እንታገሥ፤ ከዚያ በቀስታ ሳብ ስናደርገው አልነቀልም ካለ፣ ሥር ይዟል። ሃይላንዱን በአንዴ ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እያላመድን እናንሳ።

ወደ ትልቁ ዕቃ

ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ዕቃ ይበቃል፤ በደንብ የታጠበ የዘይት ጀሪካን ወይም ባልዲ ታቹን በስተን መጠቀም እንችላለን። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ እንቀላቅል። ትኩስ ፍግ ሥሩን ስለሚያቃጥል አንጨምር። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። ጣታችንን አፈሩ ውስጥ ከተን ደረቅ ሲሆን ብቻ፣ ውሃው ከታች እስኪወጣ እናጠጣ። ሳሙና የሌለበት የዉዱእ ውሃ ተጠራቅሞ ለዚህ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን እምቡጦች መቀንጠስ ቢያሳሳም፣ ተክሉ በቅድሚያ ሥሩን እንዲያጠነክር ይረዳዋል።

ዕቃውን በረንዳው አጥር ላይ አንስቀለው፤ ወድቆ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ውሃው የጎረቤትን የተሰጣ ልብስ እንዳያበላሽም ከሥሩ ሳህን እናድርግ፤ የተጠራቀመውንም እንድፋ።

ሁሉም ቁራጭ ስለማይዝ አምስት ስድስት አድርገን እንትከል። ከአንድ በላይ ከያዘልን፣ ኢንሻአላህ፣ ትርፉ ለእህት ለወንድም ይደርሳል። የእናታችን ጽጌረዳም በአንድ በረንዳ ብቻ ሳይሆን በየልጆቿ ቤት ያብባል።