ስም አንድ፣ ሰው ሁለት፦ ከኤክሴል መዝገብ የአንድን ሰው ሙሉ መረጃ እንዴት እናውጣ?



ባለፈው ረመዳን አንድ ስህተት ሠራን። ለተቸገሩ ተማሪዎች የተሰበሰበውን ሰደቃ በስልክ ለመላክ ዝርዝሩን በኤክሴል አዘጋጀን። የተረጂዎቹ ስም በአንድ ሺት፣ የሁሉም አባላት ስልክ በሌላ ሺት ነበር፤ ሁለቱን በፎርሙላ አገናኘናቸው። ሥራው በጥቂት ደቂቃ አለቀና ደስ አለን። ከዒድ በኋላ ሒሳቡን ስናስታርቅ ግን ለአንድ ወንድም ሁለት ጊዜ ተልኮ፣ ለሌላው ምንም እንዳልደረሰ አየን። ሁለቱም ሙሐመድ አሕመድ ይባላሉ። ያልደረሰው ወንድማችን «ተራዬ ያልደረሰ መስሎኝ ነው» ብሎ ማንንም ሳይጠይቅ ዒዱን አሳልፏል። ፎርሙላው አንድም የስህተት ምልክት አላሳየንም ነበር።

ገንዘቡን ተክተን ይቅርታ ጠየቅን። የኢፍጣር ምዝገባ፣ የመጽሐፍ ውሰት ወይም የአዲስ ገቢዎች ዝርዝር የምትይዙ ሁሉ በዚሁ እንዳትወድቁ ደግሞ የተማርነውን እነሆ።

ፎርሙላው ምን አደረገ?

የተጠቀምነው ቪሉክአፕ ነው። ይህ ፎርሙላ የሰጠነውን ቃል በሰንጠረዡ የመጀመሪያ አምድ ላይ ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ከዚያው ረድፍ የጠየቅነውን ያመጣል። ሦስት ጠባዮቹን ማወቅ ግን ግድ ነው።

አንደኛ፣ ልክ ያንኑ ቃል ፈልግ ስንለው ከላይ ወደ ታች እየወረደ መጀመሪያ ያገኘው ላይ ይቆማል። ከታች ሌላ ሙሐመድ አሕመድ ቢኖር አያየውም። እኛን የጣለን ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ የመጨረሻውን ማዘዣ ካልሞላንለት «ልክ ይህንኑ» ሳይሆን «የሚቀርበውን» ይፈልጋል፤ ዝርዝሩም በቅደም ተከተል የተደረደረ ነው ብሎ ይነሳል። ካልተደረደረ ፈጽሞ የማይገናኝ ሰው ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ፎልስ ወይም 0 ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ የሚመጣውን አምድ የሚያውቀው በቁጥር ነው። ስልክ 5ኛው አምድ ላይ ነው ብለን ከሠራን በኋላ አንድ ሰው መሃል ላይ አዲስ አምድ ቢጨምር፣ በስልክ ፋንታ የዶርም ቁጥር ይመጣልናል።

መለያው ስም አይሁን

በአገራችን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለም። አሶሳ ውስጥ ባለ የሙስሊም ተማሪዎች ዝርዝር ላይ ሙሐመድ፣ አሕመድና ዑመር ስንት ጊዜ እንደሚደጋገሙ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ላይ አጻጻፉ አለ። አህመድ፣ አሕመድ፣ አኅመድ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የትውልድ ከተማ ብንጨምርበትም አይፈታውም፤ ከአንድ ከተማ ከመጡ ሁለት ልጆች አንዱ ቢሾፍቱ፣ ሌላው በቀድሞው ስም ደብረ ዘይት ብሎ ይሞላል።

መድረሳ የተማርን ይህ ችግር አዲስ አይሆንብንም። የሐዲስ ዑለሞች ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆኑ ዘጋቢዎችን ለመለየት ራሱን የቻለ ዘርፍ ነበራቸው፤ ኸጢብ አል-ባግዳዲ መጽሐፍ ጽፈውበታል። በ643 ሒጅራ የሞቱት ኢብኑ ሰላሕም ኸሊል ኢብኑ አሕመድ የሚባሉ ስድስት ሰዎችን ዘርዝረዋል። ዑለሞቹ ሰውየውን የሚለዩት በዘመኑ፣ በአገሩ፣ በመሻይኾቹና በተማሪዎቹ ጭምር ነበር። የእኛ ሥራ ከዚያ ይቀላል፤ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ የመታወቂያ ቁጥር አለው። መፈለጊያችን እሱ ይሁን።

ቁጥሩን ስንጽፍ ግን አምዱን አስቀድመን ወደ ቴክስት እንቀይረው። አለበለዚያ በ09 የሚጀምር ስልክ ዜሮውን ያጣል፤ 12/15 የመሰለ ቁጥር ቀን ይሆናል። የፋይዳ ካርድ ላይ ያለውን 16 አሃዝ ቁጥር ከጻፍን ደግሞ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ ስለማይዝ የመጨረሻውን አሃዝ ዜሮ ያደርገዋል።

ሙሉውን ረድፍ ማምጣት

መዝገባችን ከኤ እስከ ኤፍ ነው እንበል፦ መታወቂያ፣ ስም፣ ዲፓርትመንት፣ ዓመት፣ ዶርም፣ ስልክ። የምንፈልገውን መታወቂያ ኤች2 ላይ እንጽፋለን። (ፎርሙላዎቹ ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይገባሉ።) በመጀመሪያ አይ2 ላይ ሰውየው ስንተኛ ረድፍ ላይ እንዳለ እንጠይቃለን፦

=ማች(ኤች2, ኤ2:ኤ400, 0)

ከዚያ ጄ2 ላይ ስሙን እናወጣለን፦

=ኢንዴክስ(ቢ2:ቢ400, $አይ2)

ይህን ወደ ቀኝ ስንጎትተው ዲፓርትመንቱ፣ ዓመቱ፣ ዶርሙና ስልኩ በተራ ይመጣሉ። የዶላር ምልክቷ አይ የሚለው አምድ ስንጎትት እንዳይንቀሳቀስ ትይዘዋለች። ፍለጋው አንድ ጊዜ ብቻ ስለተደረገ መረጃው ሁሉ ከአንድ ሰው ረድፍ ይወጣል። መሃል ላይ አምድ ቢጨመርም አይበላሽም፤ በድሮዎቹ የኤክሴል ስሪቶችም ይሠራል።

ኤክሴል 2021፣ ማይክሮሶፍት 365 ወይም ጉግል ሺትስ ያለው በአንድ ፎርሙላ ይጨርሳል፦

=ኤክስሉክአፕ(ኤች2, ኤ2:ኤ400, ቢ2:ኤፍ400)

አንድ ተማሪ ብዙ መዝገብ ሊኖረው ይችላል፤ ለምሳሌ ሦስት መጽሐፍ የተዋሰ። እስካሁን ያየናቸው የመጀመሪያውን ብቻ ያመጣሉ። በእነዚሁ አዲስ ስሪቶች የሚገኘው ፊልተር ግን የዚያን መታወቂያ ረድፎች በሙሉ ይዘረዝራል።

ከመላካችን በፊት

አሁን ሁለት ነገር ሳናደርግ ምንም አንልክም። በካውንትኢፍ እያንዳንዱ መታወቂያ ስንት ጊዜ እንደተመዘገበ እንቆጥራለን፤ ከ1 የበለጠ ካለ እናጣራለን። ከዚያ የመጣውን ስም ከዋናው ቅጽ ጋር በዓይናችን እናስተያያለን።

ፎርሙላው «አልተገኘም» የሚል ምልክት ሲያሳይ አትበሳጩ። ያ ምልክት ሄዳችሁ ጠይቁ ማለቱ ነው። የሚያስፈራው የሌላ ሰው መረጃ ያለ ምንም ምልክት ሲመጣ ነው። በዝርዝሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ረድፍ ከጎናችን የሚሰግድ ወንድም ወይም እህት ነው፤ መዝገቡም አማና ነው።

ፎርሙላው ያስቸገረው ካለ ከመግሪብ በኋላ ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ፤ ኢንሻአላህ አብረን እንሠራዋለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።